በድረ ገጽ ማስታወቂያ ገቢ ማግኘት፦ ወሎን ይዞ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ ባንክ

ጀርመን ያለ አንድ ሰው ስልኩን ከፍቶ፣ ላሊበላ የሚከበረው ገና በእነሱ አቆጣጠር መቼ እንደሚውል ይፈልጋል እንበል። የሚከፈትለት ገጽ የእናንተ ከሆነ፣ በጽሑፉ መሀል የአውሮፕላን ትኬት፣ የሆቴል ወይም የጉዞ ቦርሳ ማስታወቂያ ብቅ ይላል። እዚያ ያስቀመጠው ሰው አይደለም። የጎግል ሥርዓት ገጹን አንብቦ ስለ ምን እንደሚያወራ ይለያል፣ አንባቢው ከየት አገር እንደገባ ያያል፣ ከዚያ ለቦታው የሚፎካከሩትን አስተዋዋቂዎች በቅጽበት ያጫርታል። አሸናፊው ከሚከፍለው ላይ ድርሻው ለድረ ገጹ ባለቤት ይደርሳል። ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው ጎግል አድሴንስ ማለት ይኸው ነው።

እንግዲህ ማስታወቂያው የሚያነበው ገጹን ከሆነ፣ ገቢውን የሚወስነውም ገጹ ነው። ኮድ መለጠፍ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ለማስታወቂያ ሥርዓቱም ለአንባቢውም ግልጽ የሆነ ገጽ መጻፍ ግን ወራት ይፈጃል፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለውም እዚያ ላይ ነው።

አከፋፈሉ

ብዙ ሰው አድሴንስ በክሊክ ይከፍላል ይላል። ለረጅም ዓመታት ልክ ነበር። ከ2024 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ወዲህ ግን ለድረ ገጽ ባለቤት የሚታሰበው ማስታወቂያው በታየ ቁጥር ነው። አስተዋዋቂው አሁንም በክሊክ ሊከፍል ይችላል፤ ጎግል ያንን ወደ ዕይታ ዋጋ ለውጦ ያሰላላችኋል። ማስታወቂያውን የገዛው መድረክ የራሱን ክፍያ ከወሰደ በኋላ ከሚቀረው 80 በመቶው የእናንተ ነው። የገዛው ጎግል አድስ፣ ማለትም አስተዋዋቂዎች ማስታወቂያ የሚገዙበት የጎግል መድረክ፣ ሲሆን፣ ተጠቃሎ ሲታይ አስተዋዋቂው ካወጣው 68 በመቶ ያህሉ ለእናንተ ይደርሳል።

በዳሽቦርዱ ላይ ከሁሉ በላይ የምትከታተሉት ቁጥር ከ1,000 የገጽ ዕይታ የሚገኘው ገቢ ነው። ገቢውን ለዕይታው ብዛት አካፍሎ በ1,000 ማባዛት ነው። ለስሌት ያህል፣ በወር 6,000 ዕይታ 9 ዶላር ካመጣ፣ ከ1,000 ዕይታ የተገኘው 1.50 ዶላር ነው። ጎግል የሚከፍለው ሂሳቡ 100 ዶላር ሲሞላ ስለሆነ፣ በዚህ አካሄድ የመጀመሪያው ክፍያ በ12ኛው ወር ላይ ይሞላል። ቁጥሩ 4 ዶላር ቢሆን ኖሮ 100 ዶላር ለመሙላት 25,000 ዕይታ ይበቃል። ልዩነቱን የሚያመጣው የገጹ ርዕስና የአንባቢው አገር ነው። ይህን ስሌት ከመጀመራችሁ በፊት ወረቀት ላይ ሥሩት፤ በሦስት ወር ደመወዝ ይሆናል ብሎ የገባ ሰው በአራተኛው ወር ይተወዋል።

ርዕስ መምረጥ

ወሎ ውስጥ ለሚጽፍ ሰው ትልቁ ሀብት ሌላው ሰው በሌላ አገር ሆኖ ሊጽፈው የማይችለውን በዓይኑ ማየቱ ነው። ይሁን እንጂ ሁሉም ርዕስ አስተዋዋቂ አይጠራም። ውቢቷ ወሎ፣ የደጎች አገር፣ የፍቅር አገር ብሎ የሚጀምር ገጽ ለአንባቢው ደስ ይለዋል፤ የማስታወቂያ ሥርዓቱ ግን ምን ልሽጥበት ብሎ የሚይዘው ነገር አያገኝም። ጥሩ ርዕስ አንድ ሰው ገንዘብ ሊያወጣ ሲያስብ የሚጠይቀውን ጥያቄ ይመልሳል።

ከአካባቢው የሚወጡ ርዕሶች ብዙ ናቸው። ላሊበላ 11 ውቅር አብያተ ክርስቲያናት አሉት፤ በ1978 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ ተመዝግቧል፤ በዚህ ዙሪያ የተጻፈው ብዙ ስለሆነ ጠቅላላ ገጽ ይዞ መፎካከር ከባድ ነው። ይልቅ ጠበብ ያለውን ያዙ፦ በሁለት ቀን የትኞቹ ይታያሉ፣ ጫማ ለማውለቅ ምን ዓይነት ካልሲ ይሻላል፣ አቡነ ዮሴፍ ተራራን ለመውጣት ምን ዓይነት ልብስ ይያዛል። የባቲ የሰኞ ገበያ፣ የግሸን ማርያም ንግሥ፣ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወጣው መንገድ፣ እያንዳንዳቸው በርከት ያሉ ገጾች ይወጣቸዋል።

ከጉዞ ውጭም አለ። ከአራቱ የታወቁ ቅኝቶች ባቲና አምባሰል በስማቸው የወሎ ናቸው። ክራር መማር የሚፈልግ ውጭ ያደገ ወጣት ቅኝቱን ኖታ በኖታ የሚያስረዳ ገጽ ይፈልጋል። የትዝታ ሜጀር አምስት ድምፆች ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶልና ላ መሆናቸውን ጽፎ፣ ክሩ በምን ቅደም ተከተል እንደሚቃኝ በፎቶ የሚያሳይ ገጽ የሙዚቃ መሣሪያና የትምህርት ማስታወቂያ ይስባል። እንዲህ ያለው ገጽ በዓመቱ ውስጥ ስለማያረጅ ከዜና ይልቅ እጅግ ይመረጣል። የግጭት ዜና፣ የአደጋ ፎቶ፣ ደም የሚያሳይ ምስል ብዙ አንባቢ ቢያመጣም አስተዋዋቂዎች ይሸሹታል፤ አስደንጋጭ ይዘት ላይ ጎግል ራሱ ማስታወቂያን ይገድባል።

ቋንቋ

አድሴንስ የሚቀበላቸው ቋንቋዎች ዝርዝር በጎግል የእርዳታ ገጽ ላይ አለ። አንድ ፊደል ከመጻፋችሁ በፊት ክፈቱት። በዝርዝሩ ውስጥ በሌለ ቋንቋ በተሞላ ገጽ ላይ የማስታወቂያ ኮድ ማስቀመጥ ደንብ መጣስ ነው። ይህ መመሪያ በእንግሊዝኛ የሚጻፍ ድረ ገጽን ይዞ ይሄዳል፤ ጎብኚውም፣ ውጭ ተወልዶ አማርኛ ማንበብ የማይችለው ልጅም የሚያነበው በዚያ ነው። እንግሊዝኛው የመጽሐፍ መሆን የለበትም። አጭር ዓረፍተ ነገር፣ ትክክለኛ ርቀት፣ ትክክለኛ ቀን ይበቃል። ከሌላ ድረ ገጽ ተገልብጦ ቃሉ የተለዋወጠ ጽሑፍ ግን ማመልከቻውን ያስጥላል።

ድረ ገጹን ማቆም

ገንዘብ የሌለው ሰው ብሎገር በተባለው የድረ ገጽ መሥሪያ በነፃ መጀመር ይችላል፤ የጎግል ስለሆነ ከአድሴንስ ጋር ያለ ችግር ይያያዛል። ቢሆንም የራስ ዶሜይን፣ ማለትም የድረ ገጽ ስም፣ መግዛቱን እንመክራለን፤ ዶት ኮም በዓመት ከ10 እስከ 15 ዶላር ገደማ ያወጣል፤ ብሎገር ላይም ሊያያዝ ይችላል። ወርድፕሬስ የተባለው ሌላው መሥሪያ የተሻለ ነፃነት ይሰጣል፤ ሆስቲንግ (ድረ ገጹ የሚቀመጥበት የኢንተርኔት ቦታ) ግን ይከፈልበታል፤ ዝመናውንም መከታተል ግድ ነው።

ገጽታው ቀላል ይሁን። ከስልክ የወጣ ፎቶ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 5 ሜጋባይት ይመዝናል፤ እንዳለ ከተጫነ ገጹ ሳይከፈት አንባቢው ይሄዳል። ስፋቱን ወደ 1,200 ፒክሰል አውርዳችሁ፣ ዌብፒ በሚባለው ዓይነት አስቀምጡት፤ ብዙውን ጊዜ ከ150 ኪሎባይት በታች ይሆናል። የጎግል መለኪያ የገጹ ዋና ክፍል በ2.5 ሰከንድ ውስጥ እንዲታይ ይፈልጋል።

አንድ ገጽ በቅርብ ሲታይ

ስለ ሐይቅ የሚጻፍ ገጽ እንውሰድ። ደካማው ገጽ ሐይቅ እጅግ ማራኪ ሥፍራ መሆኑን በሦስት አንቀጽ አወድሶ ያበቃል። ጥሩው ገጽ በርዕሱ ጥያቄውን ይይዛል፦ ከደሴ ወደ ሐይቅና ወደ እስጢፋኖስ ገዳም እንዴት ይኬዳል? የመጀመሪያው አንቀጽ ወዲያው ይመልሳል፦ ከተማው ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በሚኒባስ ይኬዳል፣ ደርሶ መልስ በአንድ ቀን ይቻላል። ሁለተኛው አንቀጽ እንግዳው ባለማወቁ የሚቸገርበትን ይነግረዋል፦ ገዳሙ የወንዶች ስለሆነ ሴቶች አይገቡም፤ ደሴት እየተባለ ቢጻፍም ዛሬ ከየብስ ጋር የተያያዘ ነው። ሦስተኛው ታሪኩን በአጭሩ ያስቀምጣል፤ በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት ትልቅ የትምህርት ቦታ ነበር። ከዚያ ምን እንደሚለበስ፣ ምሳ የት እንደሚበላ፣ ጀልባ እንዴት እንደሚገኝ፣ ታሪፉ መቼ እንደተጠየቀ ይቀጥላል።

የታሪፍና የመንገድ መረጃ ካለ የተጣራበትን ቀን ጻፉ። በአካባቢያችን የመንገድ ሁኔታ ስለሚለዋወጥ፣ ያረጀ መረጃ ይዞ መንገድ የሚወጣ እንግዳ አደጋ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ቀን የሌለው የመንገድ መረጃ ባይጻፍ ይሻላል።

እንዲህ ያለ ገጽ ከ800 እስከ 1,200 ቃል ይሆናል። ንዑስ ርዕሶቹ ውስጥ የሰው ጥያቄ ይግባ፤ ሆቴል፣ መጓጓዣ፣ ልብስ የሚሉት ቃላት በተፈጥሯዊ ቦታቸው ይገኙ። ሥርዓቱ ማስታወቂያ የሚመርጠው እነዚህን አንብቦ ነው። ቃሉን ሃያ ጊዜ መደጋገም ግን አይጠቅምም፤ ፍለጋ ላይ ያስቀጣል።

ጎግል ይህን ያህል ገጽ ይኑራችሁ ብሎ ያወጣው ቁጥር የለም። በእኛ ግምት ከ20 እስከ 25 በዚህ ደረጃ የተሠሩ ገጾች ሳይኖሩ ማመልከት ጊዜ ማባከን ነው።

ማመልከት

አመልካቹ 18 ዓመት የሞላው መሆን አለበት፤ ለአንድ ሰው የሚፈቀደውም አንድ አካውንት ነው። ከዚያ በፊት ሦስት ገጾች ይዘጋጁ፦ ስለ ድረ ገጹ፣ መገኛ አድራሻ፣ እና የግላዊነት ፖሊሲ። የመጨረሻው የሦስተኛ ወገን ማስታወቂያና ኩኪ (በአንባቢው ስልክ ላይ የሚቀመጥ መከታተያ ፋይል) እንደምትጠቀሙ መግለጽ ግዴታው ነው። ድረ ገጹን የጎግል ፍለጋ መከታተያ በሆነው በሰርች ኮንሶል አስመዝግቡ፤ የገጾቹን ዝርዝር የያዘውን ሳይትማፕም ላኩ።

1. በራሳችሁ ጂሜይል አድሴንስን ክፈቱ፤ የድረ ገጹን አድራሻ አስገቡ።

2. አገር ሲጠይቃችሁ ኢትዮጵያን ምረጡ። አሜሪካ ባለ ዘመድ አድራሻ መክፈት የተለመደ ስህተት ነው፤ አገሩ በኋላ አይቀየርም፣ አካውንቱን ዘግቶ እንደገና መክፈት ይጠይቃል።

3. ስማችሁን በባንክ ደብተራችሁና በመታወቂያችሁ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል እንደተጻፈው፣ የአባትና የአያት ስም ጨምራችሁ፣ ፊደል በፊደል ጻፉ። አንዲት ፊደል ብትለያይ ባንኩ ገንዘቡን ሊመልሰው ይችላል።

4. የሚሰጣችሁን ኮድ በድረ ገጹ ራስጌ ውስጥ ለጥፉ። ብሎገር ከሆነ ገቢዎች በሚለው ክፍል በኩል በራሱ ይያያዛል።

5. አድስ ዶት ቲኤክስቲ የተባለውን አንድ መስመር ጽሑፍ ከአድሴንስ ገልብጣችሁ በዶሜይኑ ሥር አስቀምጡ። መስመሩ ባለ 16 አኃዝ መለያችሁን ይይዛል፤ አንድ አኃዝ ከጎደለ አስተዋዋቂዎች ቦታውን አይገዙም።

ግምገማው ብዙ ጊዜ በጥቂት ቀናት፣ አንዳንዴም ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ውስጥ ያልቃል። ዝቅተኛ ዋጋ ያለው ይዘት የሚል መልስ ከመጣ፣ አጫጭሮቹንና ተመሳሳዮቹን ገጾች አጥፉ ወይም አዋህዱ፣ ባዶ ምድቦችን ከማውጫው አውጡ፣ አዳዲስ ገጾች ጨምሩ፣ ከዚያ እንደገና ጠይቁ። ምንም ሳይቀይሩ በማግስቱ መላክ ያንኑ መልስ ያመጣል። በቴሌግራም የጸደቀ አካውንት የሚሸጡ ሰዎች አሉ፤ አካውንት ለሌላ ሰው ስለማይተላለፍ ገንዘባችሁን አታጥፉ።

ማስታወቂያውን የት ማስቀመጥ

አውቶ አድስ የሚባለው ቁልፍ ጎግል ራሱ ቦታ እንዲመርጥ ያደርጋል። ለጀማሪ ምቹ ነው፤ ግን ብዛቱን የሚቆጣጠረውን ተንሸራታች ዝቅ አድርጉት። ስክሪን ሙሉ የሚሸፍነውን ዓይነት በመጀመሪያዎቹ ወራት እንድታጠፉት እንመክራለን፤ አዲስ አንባቢ ተበሳጭቶ ይወጣል።

በእጅ ስታስቀምጡ የመጀመሪያው ማስታወቂያ ከሁለተኛው አንቀጽ በኋላ፣ ሁለተኛው በመሀል፣ ሦስተኛው በመጨረሻ ይሁን። አንባቢው መልሱን ሳያገኝ ማስታወቂያ አይቅደመው። ከማስታወቂያው በላይ መለያ ከጻፋችሁ የሚፈቀደው ማስታወቂያዎች ወይም ስፖንሰር የተደረጉ ሊንኮች የሚለው ብቻ ነው። ከዚህ በታች ጠቃሚ መረጃ አለ ብሎ ወደ ማስታወቂያ መምራት ክልክል ነው። ከማውጫ፣ ከቀጥል ቁልፍ ወይም ከማውረጃ ሊንክ ጋር አታስጠጉት፤ በስህተት የሚነካ ማስታወቂያ ውሎ አድሮ ክፍያውን ይቀንሳል፣ ቅጣትም ያመጣል።

ሌላው ችግር መዝለል ነው። ኢንተርኔት ሲዘገይ ጽሑፉ ቀድሞ ይመጣል፣ ማስታወቂያው ዘግይቶ ሲገባ አንቀጹን ወደ ታች ይገፋዋል፣ የሚያነበው ሰው ጣት ሳያስበው ማስታወቂያው ላይ ያርፋል። መፍትሔው ለማስታወቂያው ሳጥን አስቀድሞ ቁመት መያዝ ነው፤ ለሞባይል 280 ፒክሰል ያህል ይበቃል።

አንባቢዎቻችሁ አውሮፓ ካሉ፣ ለአውሮፓ ኅብረት አገሮችና ለእንግሊዝ ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ፣ ለስዊዘርላንድ ደግሞ ከዚያው ዓመት ጁላይ መጨረሻ ጀምሮ ጎግል ያረጋገጠው የኩኪ ፈቃድ መጠየቂያ ያስፈልጋል። አድሴንስ ውስጥ ግላዊነትና መልእክት በሚለው ክፍል በነፃ ይዘጋጃል።

አካውንትን የሚያዘጋው

የራስን ማስታወቂያ መንካት፣ አንድ ጊዜም ቢሆን፣ አይፈቀድም። ጓደኛን ንካልኝ ማለት፣ በቴሌግራም ቡድን እኔ የአንተን፣ አንተ የእኔን እየተባባሉ መጠቃቀም፣ ጎብኚ የሚሸጡ ሰዎችን መግዛት ሁሉም አንድ ነው። ደሴ ፒያሳ አንድ ካፌ ውስጥ አምስት ወጣቶች በአንድ ዋይፋይ ሆነው ያንኑ ድረ ገጽ እየከፈቱ ማስታወቂያ ቢነኩ፣ ለጎግል የሚታየው ከአንድ አድራሻ የመጣ ተደጋጋሚ ክሊክ ነው። ቤተሰብ ሊረዳ ብሎ የሚያደርገው ነው ብዙ አካውንት የሚያዘጋው። ስለዚህ ማስታወቂያው መውጣት ሲጀምር ለቤት ሰው አስቀድማችሁ ንገሩ፦ አንብቡልኝ እንጂ አትንኩልኝ በሉ።

ፒን፣ ፖስታና ባንክ

ሂሳቡ 10 ዶላር ሲደርስ ጎግል ማንነታችሁን ካረጋገጠ በኋላ ባለ 6 አኃዝ ፒን የያዘ ካርድ በፖስታ ይልካል። ቤት ለቤት ፖስታ በማይታደልበት አካባቢ አድራሻው ላይ የፖስታ ሳጥን ቁጥር መኖር አለበት። የራሳችሁ ከሌለ የምትሠሩበትን ወይም የዘመድ ሳጥን አስፈቅዳችሁ ተጠቀሙ፤ የከተማውን ስምም በእንግሊዝኛ ፊደል በግልጽ ጻፉ። ለፖስታ ቤት ሠራተኛውም አስቀድማችሁ ንገሩት፤ ካርዱ ትንሽና ተራ ስለሚመስል ከሌላ ወረቀት ጋር ይጠፋል።

ፒኑ ከተላከ ጀምሮ አድሴንስ ውስጥ ለማስገባት 4 ወር አላችሁ፤ ካለፈ ማስታወቂያው መውጣት ያቆማል። በ3 ሳምንት ውስጥ ካልመጣ ምትክ ጠይቁ፤ እስከ ሦስት ምትክ ይፈቀዳል። ምትኩ የመጀመሪያው ቅጂ ስለሆነ ቀድሞ የደረሰውን ማስገባት ትችላላችሁ። ሦስት ጊዜ ተሳስቶ ማስገባትም ማስታወቂያውን ያስቆማል፤ ስለዚህ አኃዞቹን በብርሃን አይታችሁ አስገቡ።

ለባንክ ማስተላለፍ የባንኩ ሙሉ ስም፣ 8 ወይም 11 ፊደልና አኃዝ ያለው የስዊፍት ኮድ (የባንኩ ዓለም አቀፍ መለያ)፣ የሂሳብ ቁጥርና የባለሂሳቡ ስም ያስፈልጋሉ። ኮዱን ከኢንተርኔት አትውሰዱ፤ ቅርንጫፉ ሄዳችሁ ጠይቁ፣ አስጽፉም። የአንድ ወር ገቢ በቀጣዩ ወር መጀመሪያ ይጠቃለላል፤ ሂሳቡ 100 ዶላር ከሞላ በዚያው ወር ከ21 እስከ 26 ባለው ጊዜ ይላካል። ባንኮች በእያንዳንዱ ዝውውር ላይ ክፍያ ስለሚቆርጡ፣ ገቢው ከፍ ሲል ክፍያ የሚላክበትን ዝቅተኛ መጠን ወደ 300 ወይም 500 ዶላር ማሳደግ ያዋጣል።

ወቅትና የገና ገጽ

የአስተዋዋቂዎች ወጪ በምዕራቡ ዓለም ከኅዳር አጋማሽ እስከ ገናቸው ድረስ ከፍ ይላል፤ በጃንዋሪ ይወርዳል። የላሊበላ ገና ፍለጋ የሚበዛውም በዚያው በዲሴምበር ነው። ሁለቱ መገጣጠማቸው ለወሎ ጸሐፊ መልካም አጋጣሚ ነው። ታኅሣሥ ላይ የተጻፈ ገጽ ግን አይደርስም፤ አዲስ ድረ ገጽ ፍለጋ ላይ ቦታ ለመያዝ ወራት ይወስድበታል። የገናውን ገጽ በሰኔና በሐምሌ ጨርሱት።

ገጹ ውስጥ ውጭ ያለው ሰው የሚቸገርበትን የቀን ልዩነት አስቀምጡ። ገና በጃንዋሪ 7 ይውላል፤ በእኛ ብዙውን ጊዜ ታኅሣሥ 29፣ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ ታኅሣሥ 28 ነው። ግሸን ማርያም መስከረም 21 ናት፤ ይህም በአብዛኛው ኦክቶበር 1 ሲሆን በዘመነ ዮሐንስ ኦክቶበር 2 ይሆናል። 2020 ዓ.ም. ዘመነ ዮሐንስ ስለሆነ የግሸን ገጻችሁ ላይ ኦክቶበር 2 ቀን 2027፣ የላሊበላው ላይ ታኅሣሥ 28 መጻፍ አለበት። በየነሐሴው ሁለቱን ገጾች ከፍታችሁ ቀኑን፣ ታሪፉንና የተጣራበትን ቀን አድሱ፤ የገጹን አድራሻ ግን አትቀይሩት፣ ከዓመት ዓመት ያካበተው ቦታ ከአድራሻው ጋር ነው ያለው።